የአለቃን ልብ ለመመዘን፦ ከፌርፋክስ እስከ ፌርሜዳ

በ1944 በቨርጂኒያዋ ፌርፋክስ፣ ከዋሽንግተን ብዙም ሳይርቅ፣ ግቢው የሰፋ አንድ የእርሻ ቤት ነበር። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።) ወደዚያ የሚላክ ሰው ማዕረጉን፣ ልብሱንና ስሙን አስረክቦ ይገባል። መኮንን ይሁን ተራ ወታደር፣ ጠበቃ ይሁን ነጋዴ፣ የሚሰጠው አንድ ዓይነት የወታደር የሥራ ልብስና አንድ የሐሰት ስም ነው። ሦስት ቀን ያህል በዚያ ስም ይበላል፣ ይጫወታል፣ ይፈተናል። እውነተኛ ማንነቱን ለማንም አለማውጣቱም ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ቤቱን የያዘው ኦኤስኤስ የተባለው የጦርነቱ ዘመን የአሜሪካ የስለላ ድርጅት፣ የዛሬው ሲአይኤ ቀዳሚ ሲሆን፣ መዝገቡ ቦታውን «ጣቢያ ኤስ» ይለዋል።

ከፈተናዎቹ አንዱ ላይ ላዩን ሲያዩት የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ተፈታኙ ረጃጅምና አጫጭር የእንጨት ዘንጎች፣ ቀዳዳ ያላቸው ማገናኛዎችና ችካሎች ከተከመሩበት ቦታ ይወሰዳል። ከእነዚህ ወርዱም ቁመቱም አምስት ጫማ የሆነ የሳጥን አጽም በ10 ደቂቃ ውስጥ እንዲያሠራ ይነገረዋል። እንዲያሠራ ነው እንጂ እንዲሠራ አይደለም፤ እሱ አለቃ ነው፤ የጉልበቱን ሥራ የሚሠሩለት ሁለት ረዳቶች ይመጡለታል። አንደኛው ኪፒ፣ ሁለተኛው በስተር ይባላሉ። ኪፒ ካልገፉት የማይንቀሳቀስ፣ ሲያዙት የሚፈዝ፣ ቆሞ መዋል የማይሰለቸው ሰው ነው። በስተር ደግሞ ነገረኛ ነው፤ ሳይጠየቅ ይመክራል፣ የተሰጠውን ትእዛዝ ያጣጥላል፣ የአለቃውን አነጋገርና አቋም እያነሣ ይጎነትላል። ሁለቱም የጣቢያው ባልደረቦች ነበሩ። የታዘዙትም ሥራው እንዳይሠራ ነው። መርማሪዎቹ ከጦርነቱ በኋላ በ1948 ባሳተሙት መጽሐፍ እንደመሰከሩት፣ ሳጥኑን በሰዓቱ አቁሞ የወጣ አንድም ተፈታኝ አልነበረም።

ሊያዩ የፈለጉት ሳጥኑን አልነበረም ማለት ነው። ሰውየው በስተር ሲጎነትለው ፊቱ ይለዋወጣል? አፍ ይካፈታል? ሁሉን ትቶ ራሱ ዘንግ ማንሣት ይጀምራል? ወይስ ቀልድ ቢጤ ጣል አድርጎ፣ ኪፒን በአንዱ ጫፍ አቁሞ፣ የበስተርን ነገር ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፋል? መርማሪው ይህን እያየ በስድስት እርከን በተከፈለ መለኪያ ነጥብ ይሰጣል፤ ከዘርፎቹ መካከል የስሜት መረጋጋት፣ ከሰው ጋር መግባባትና መሪነት ይገኙበታል። ዛሬ በየሥልጠና ማዕከሉ «ስሜታዊ ብልህነት» የሚባለው ነገር ስም ከማግኘቱ 46 ዓመት በፊት በዚህ ግቢ እንዲህ ሲለካ ነበር። መዝገቡን ሳገላብጥ ይበልጥ የሚይዘኝ ግን ሌላ ጥያቄ ነው፦ በልዩ ግቢ፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የታየ ጠባይ ከበሩ ውጭ ምን ይሆናል?

ነገሩን በወረቀት ለመለካት የተደረገው ሙከራ ከዚህ ይቀድማል። በ1920 የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቦና ሊቅ ኤድዋርድ ቶርንዳይክ «ሃርፐርስ» በተባለው መጽሔት ባወጣው ጽሑፍ፣ በፋብሪካው ውስጥ ተወዳዳሪ የሌለው መካኒክ ፎርማን ሲደረግ ሊወድቅ እንደሚችል ጠቅሶ፣ የጎደለውን ነገር ማኅበራዊ ብልህነት አለው። በ1920ዎቹ መጨረሻ በጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ እነ ፍሬድ ሞስ ይህን ብልህነት የሚለካ ፈተና አዘጋጅተው አሰራጩ። ተፈታኙ ፎቶግራፍ አይቶ ስሜት ይለያል፣ ስለ ሰው ጠባይ ለቀረበ ጥያቄ መልስ ይመርጣል። በ1937 ግን ሮበርት ቶርንዳይክና አንድ ባልደረባው ፈተናዎቹን መርምረው የሚለኩት በአብዛኛው የቋንቋ ችሎታ እንደሆነ ጻፉ። ሮበርት የኤድዋርድ ልጅ ነው። አባት የጀመረውን ልጅ ከ17 ዓመት በኋላ ዘጋው፤ ጉዳዩም ጦርነት እስኪመጣ ድረስ መደርደሪያ ላይ ቆየ።

ጦርነቱ ሲመጣ እንግሊዞች መኮንን አጠራቸው። እስከዚያ ድረስ ዕጩ መኮንን የሚመረጠው በአጭር ቃለ መጠይቅ ነበር፤ የት ተማርክ፣ አባትህ ምን ይሠራሉ፣ ምን ስፖርት ትጫወታለህ። በዚህ መንገድ ከገቡት ብዙዎቹ ከማሠልጠኛ እየተባረሩ ወደ ክፍላቸው ተመለሱ፤ አንዳንዶቹም ጭንቀቱን አልቻሉትም። በ1942 መጀመሪያ በኤድንብራ አዲስ ዓይነት የምርጫ ቦርድ ተሞከረ። የስኮትላንድ ዕዝ አዛዥ ጄኔራል አንድሩ ቶርን ከጦርነቱ በፊት በበርሊን ወታደራዊ አታሼ ስለነበሩ ጀርመኖች መኮንን ሲመርጡ የሥነ ልቦና ባለሙያ እንደሚጠቀሙ ያውቁ ነበር። ከሐሳቡ አመንጪዎች አንዱ ዊልፍሬድ ቢዮን ደግሞ ነገሩን በነጭ ጋዋን ብቻ የሚያውቅ ሐኪም አልነበረም፤ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በካምብሬ የታንክ መኮንን ሆኖ ተዋግቶ የጀግንነት ሜዳይ የተሸለመ ነው።

ቢዮን ያመጣው ዘዴ ቀላል ነው። ጥቂት ዕጩዎች አንድ ሥራ ይሰጣቸዋል፤ አለቃ ግን አይሾምላቸውም። እያንዳንዱ ዕጩ እንዲታይ፣ እንዲመረጥ ይፈልጋል። ሥራው የሚሳካው ደግሞ ለጓደኛው ሐሳብ ቦታ ሲለቅ ነው። የመርማሪው ሥራ፣ ዕጩው ራሱን ለማሳየትና ሰውን ለማገዝ በሚስቡት ሁለት ፍላጎቶች መካከል እንዴት እንደሚያደርግ ዳር ቆሞ ማየት ነው፤ ተራ ጠያቂ የማያገኘውን እዚህ ያገኛል። ቦርዶቹ እስከ ጦርነቱ ማብቂያ ከ100,000 በላይ ዕጩዎችን አስተናገዱ፤ አሜሪካኖቹም የጣቢያ ኤስን አሠራር ሲነድፉ ከእነዚህ ቦርዶች ብዙ ወስደዋል።

እዚህ ላይ ለእኛ አንባቢ ኦርድ ዊንጌትን ሳላነሣ አላልፍም። የጌዲዮንን ጦር ይዞ በጎጃም የገባው፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ አብሮ የነበረው ይህ መኮንን ከአለቆቹ ጋር በመጋጨትና በቁጣው የታወቀ ነበር። ድሉ በተገኘ በሁለተኛው ወር በካይሮ አንድ ሆቴል፣ በወባ እየታመመና ቅስሙ ተሰብሮ፣ በቢላ ራሱን ሊገድል ሞክሮ በሰው ደራሽነት ተረፈ። ከዚያ በኋላ በርማ ውስጥ ሌላ ጦር መርቷል። የኤድንብራው ቦርድ እሱን ቢመረምረው ኖሮ የሚያሳልፈው አይመስለኝም። ቦርዱ ይፈልግ የነበረው ሠላሳ ወታደር በሰላም የሚያስተዳድር ረጋ ያለ መቶ አለቃ ነው፤ ለዚያ ሥራ ዊንጌት አይሆንም ነበር፤ ለጎጃሙ ሥራ ግን ሆኗል። መመዘኛው ለየትኛው ሥራ እንደሆነ ካልተነገረ ውጤቱ ብቻውን ብዙ አይናገርም።

የጣቢያ ኤስ ሰዎች ያጋጠማቸውም ይኸው ነው። በሀርቫርዱ ሄንሪ መሪ የሚመራው ቡድን ያልሞከረው ነገር አልነበረም። ተፈታኙን በአሥራ ሁለት ደቂቃ ውስጥ የሐሰት ታሪክ ፈጥሮ እንዲቀርብ አድርገው፣ ዓይኑ ላይ ደማቅ መብራት አብርተው ያፋጥጡታል፤ በመጨረሻም ወደቅህ ብለው ያስወጡታል። ከዚያ ሌላ ባልደረባ ሲጋራ እየጋበዘ በወዳጅነት ያዋራዋል። ብዙዎች በመብራቱ ሥር ያልከፈቱትን አፍ በሲጋራው ጭስ ውስጥ ከፈቱት። በዚህ ጣቢያና በዋሽንግተን ከተማ በተከፈተው የአንድ ቀን ጣቢያ በድምሩ 5,391 ሰዎች ተመዘኑ። ጦርነቱ ሲያበቃ መርማሪዎቹ የሰጡትን ነጥብ፣ ተፈታኞቹ በባሕር ማዶ ከሠሩት ሥራ ጋር አስተያዩት። ዝምድናው ደካማ ሆኖ ተገኘ። ይህንንም በመጽሐፋቸው ሳይሸሽጉ አተሙት፤ በሙያው ውስጥ እንዲህ ያለ ሐቀኝነት ብዙ ጊዜ አላጋጠመኝም። ከሰጧቸው ምክንያቶች አንዱ ግልጽ ነው፦ ሰውየው ቻይና ውስጥ ለሬዲዮ ሥራ ይሁን ፈረንሳይ ውስጥ ለፓራሹት ዝላይ መታጨቱን መርማሪው ብዙ ጊዜ በውል አያውቅም፤ ቢያውቅም ሰውየው እዚያ ሲደርስ ሌላ ሥራ ይሰጠዋል፤ የሚጠብቀውን አለቃ ደግሞ ማንም አልመረመረውም።

«ስሜታዊ ብልህነት» የሚለው ስም የተተከለው በ1990 ነው። የየሉ ፒተር ሳሎቬይና የኒው ሃምፕሻየሩ ጆን ሜየር በአንድ ብዙ ሰው በማያነበው የጥናት መጽሔት ላይ ስሜታዊ ብልህነት ያሉትን ጽንሰ ሐሳብ አብራርተው አወጡ፤ ቃሉ ቀደም ሲል አልፎ አልፎ የተጻፈ ቢሆንም ቅርጽ ያስያዙት እነሱ ናቸው። በ1995 ጋዜጠኛው ዳንኤል ጎልማን በዚሁ ርእስ መጽሐፍ ጻፈ፤ «ታይም» መጽሔትም በዚያው ዓመት ኦክቶበር ጉዳዩን የሽፋን ርእስ አደረገው። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ከጥናት ክፍል ወጥቶ ገበያ ገባ። መለኪያዎቹ በሁለት መንገድ ሄዱ። በ1997 የወጣው የሩቨን ባር-ኦን መጠይቅ 133 ጥያቄዎች አሉት፤ ሰውየው ስለራሱ ይመሰክራል። ግልፍተኛን ሰው ግልፍተኛ ነህ ወይ ብሎ መጠየቅ ምን ያህል እንደሚያስተማምን ለማወቅ ምርምር የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ሁለተኛው ሳሎቬይ፣ ሜየርና ዴቪድ ካሩሶ በ2002 ያወጡት ባለ 141 ጥያቄ ፈተና ነው፤ ፊት አይቶ ስሜት መለየት፣ ለተሰጠ ሁኔታ ተስማሚውን እርምጃ መምረጥ የመሳሰለው ይጠየቅበታል። ትክክለኛው መልስ የሚወሰነው በብዙኃኑ ምርጫ ወይም በባለሙያዎች ስምምነት ነው። ተቺዎች ፈጥነው የያዙትም ይህን ነው፤ ብዙ ሰው የማያየውን የሚያይ አስተዋይ ሰው በዚህ ፈተና ነጥብ ይቀነስበታል። የ1937ቱ ክርክር ልብሱን ቀይሮ ተመለሰ።

ስለ መለካቱ ይህን ያህል ይበቃል። ጠባዩን ማሳደግ ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄ ሌላ ታሪክ አለው፤ የእኛም ሰዎች የገቡበት በዚህ በኩል ነው።

ከርት ሌዊን በ1933 ከናዚዎች ሸሽቶ አሜሪካ የገባ አይሁዳዊ ነበር፤ እናቱ ከናዚዎቹ እልቂት አልተረፉም። በ1946 በጋ የኮኔቲከት ግዛት የዘር መድልዎን የሚከታተል ኮሚሽን ለማኅበረሰብ መሪዎች ሥልጠና እንዲሰጥለት ጠየቀውና በኒው ብሪተን ከተማ የመምህራን ኮሌጅ ዎርክሾፕ ተከፈተ። ቀን ቀን ሠልጣኞቹ በቡድን ይወያያሉ። ማታ ማታ አሠልጣኞቹና ታዛቢዎቹ ለብቻቸው ተሰብስበው ቀን በየቡድኑ ማን ምን እንዳለ፣ ማን ማንን እንዳቋረጠ ይመረምራሉ። አንድ ምሽት ጥቂት ሠልጣኞች መጥተው ቁጭ ብለን እናዳምጥ ብለው ለመኑ። አሠልጣኞቹ ቅር አላቸው፤ ሌዊን ግን ፈቀደ። ታዛቢው የአንዲትን ሴት አኳኋን ሲተርክ ሴትዮዋ እዚያው ነበረችና፣ እንዲህ አልነበረም ብላ አቋረጠችው። ታዛቢው የጻፈውን አነበበ፣ እሷ ያሰበችውን ተናገረች፣ ሌሎቹ ገቡበት። በማግስቱ ምሽት ሌሎችም ሠልጣኞች መጡ፤ ከዚያ በኋላ የማታው ስብሰባ ከቀኑ ትምህርት በላይ ተፈላጊ ሆነ።

ዛሬ በየቢሮው «ፊድባክ» የሚባለው ልማድ አንዱ ሥሩ ይህ ምሽት ነው። ሰው ስለራሱ የሚያስበውንና ሌላው ስለሱ የሚያየውን ፊት ለፊት አስቀምጦ ማስተያየት፤ በቃ ይኸው ነው። ሌዊን በፌብሩዋሪ 1947 በድንገት ሞተ። ተከታዮቹ በዚያው በጋ በሜይን ግዛት ቤተል በምትባል ትንሽ ከተማ ሥልጠናውን ከፈቱና ቲ-ግሩፕ የተባለውን ዘዴ አጸኑ። ከሥራና ከቤተሰብ የራቀ ቦታ ይመረጣል፤ ጥቂት ሰዎች ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ አጀንዳ የለም፤ አሠልጣኙ ምሩን ሲሉት ዝም ይላል። ዝምታው ሲከብዳቸው እርስ በርስ መነጋገር ይጀምራሉ፤ የሚነጋገሩትም ስለ ውጭው ዓለም ሳይሆን አሁን በመካከላቸው ስላለው ስሜት ነው። ሩቅ ቦታ የሚመረጠው ሆን ተብሎ ነው፤ ሰው የለመደውን ካባ የሚያወልቀው የሚያውቀው ሰው በሌለበት ነው ብለው ያምኑ ነበር።

ካባው ተመልሶ እንዴት እንደሚለበስ ያሳየው ግን አንድ የፋብሪካ ጥናት ነው። ኢንተርናሽናል ሃርቨስተር፣ ትራክተርና የእርሻ መሣሪያ የሚሠራው ትልቅ ኩባንያ፣ ፎርማኖቹን ቺካጎ ወዳለው ማእከላዊ ትምህርት ቤቱ እየላከ ሁለት ሁለት ሳምንት ያስተምር ነበር፤ ሠራተኛን ስለማክበር፣ ስለማዳመጥ፣ የበታችን ስሜት ስለመረዳት። የኦሃዮው ተመራማሪ ኤድዊን ፍላይሽማን ፎርማኖቹን ተከታተለ። ትምህርቱ እንዳለቀ ሲጠየቁ አመለካከታቸው በርግጥ ተሻሽሏል። ወደ ፋብሪካው ከተመለሱ በኋላ ሲመረመሩ ግን ለውጡ ጠፍቷል፤ እንዲያውም በአንዳንድ መለኪያ ካልተማሩት አንሰው ተገኙ። ፎርማኑ ሠራተኞቹን የሚይዝበት መንገድ ከትምህርቱ ይልቅ የሚመስለው የራሱ አለቃ እሱን የሚይዝበትን መንገድ ነበር። ጥናቱ የታተመው በ1953 ነው። ከዚያ ወዲህ ለመሪዎች ሥልጠና የወጣውን ገንዘብ ሳስብ ይህን ጥናት ያነበበ የበጀት ኃላፊ ስንት ይሆን እላለሁ። ለሚዛኑ ያህል፣ የተቃራኒው ማስረጃም አለ፤ በክሊቭላንድ ኬዝ ዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲ ሪቻርድ ቦያትዚስ ከ1990 ጀምሮ ለአስተዳደር ተማሪዎች የሰጠው፣ እያንዳንዱ የሚያሻሽለውን ራሱ መርጦ ወራት የሚሠራበት ትምህርት ከዓመታት በኋላም ምልክቱ እንደታየ ተዘግቧል። ግን እሱ የሁለት ሳምንት ጉዳይ አልነበረም።

በ1969 በጋ ቲ-ግሩፕ በአገሮች የድንበር ጠብ ላይ ተሞከረ። የየሉ የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር ሌናርድ ዱብ ረጅም ዝግጅት አድርጎ ስድስት ኢትዮጵያውያን፣ ስድስት ሶማሌዎችና ስድስት ኬንያውያን በሰሜን ጣልያን ደቡብ ቲሮል ውስጥ ፌርሜዳ በተባለ የተራራ ሆቴል ሰበሰበ። ጊዜው በእኛ ከሐምሌ 1961 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ ነሐሴ መጀመሪያ ነው። የመጡት የመንግሥት ልዑካን አይደሉም፤ አብዛኞቹ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ሲሆኑ የሚናገሩትም በግላቸው ነው። ያወያያቸው ጉዳይ ኦጋዴንና የኬንያ ሰሜን ምሥራቅ ነው። ኢትዮጵያና ሶማሊያ በ1964 መጀመሪያ በዚሁ ድንበር ተዋግተዋል፤ በዚያው ዓመት ጁላይ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በካይሮ ከቅኝ ግዛት የተወረሰው ድንበር እንዳለ እንዲከበር ሲወስን ሶማሊያ አልተቀበለችም። ከ1967 ወዲህ ግን ጠቅላይ ሚኒስትር መሐመድ ኢብራሂም ኢጋል ከጎረቤቶቻቸው ጋር ማለሳለስ ጀምረው ነበርና እንዲህ ያለ ስብሰባ የሚታሰብበት ጊዜ ነበር። የተመረጠው ቦታም ታሪክ አለው። ደቡብ ቲሮል ራሱ ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ከኦስትሪያ ተቆርጦ ለጣልያን የተሰጠ፣ ጀርመንኛ ተናጋሪው ሕዝብ ሲያጉረመርም፣ በ1960ዎቹም ፈንጂ ሲፈነዳበት የኖረ አገር ነው።

አሥራ ስምንቱ ሰዎች በሁለት ቲ-ግሩፕ ተከፈሉ፤ በእያንዳንዱ የሦስቱም አገር ሰዎች አሉበት። በመጀመሪያ ስለ ድንበሩ እንዲነጋገሩ አልተጠየቁም፤ እርስ በርስ ስለሚሰማቸው ነገር ነበር። በይሉኝታ ያደገ ሰው ከማያውቀው ሰው ፊት ተቀምጦ፣ ታላቁም ታናሹም ባለበት፣ «አነጋገርህ አስቀይሞኛል» ማለት ምን ያህል እንደሚከብደው እኛ እናውቃለን፤ ለአሜሪካኖቹ አሠልጣኞች ይህ የሚፈለገው ግልጽነት ነው። ቢሆንም በየቡድኑ መቀራረብ ተፈጠረ። ወደ ድንበሩ ጉዳይ ሲገቡ ሁለቱ ቡድኖች ለየብቻቸው የመፍትሔ ሐሳብ አዋቀሩ። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጉባኤ ተቀመጡ፤ ሁለቱን ሐሳቦች አስታርቆ አንድ የጋራ ሰነድ ለማውጣት። እዚያ ላይ ተሰናከለ። በትንሹ ክብ ውስጥ ግለሰብ የነበረው ሰው በትልቁ አዳራሽ እንደገና የአገሩ ሰው ሆነ። ጉባኤው የሚስማማበት ነገር ሳያጸድቅ ተበተነ።

የዚህ ስብሰባ ዋናው ምንጭ ዱብ ራሱ አሰናድቶ በ1970 በየል ያሳተመው መጽሐፍ ነው። አዘጋጁ ስለ ድግሱ ሲጽፍ እንደሚሆነው፣ በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ለክብሩ መባል ያለበት ግን አዘጋጆቹና ተሳታፊዎቹ አንድ ዓይነት አመለካከት እንዳልነበራቸው መጽሐፉ አይሸሽግም፤ የተሻለ መግባባት አገኘን የሚለውም፣ ቲ-ግሩፕ ለዚህ ዓይነቱ ጠብ ይሆናል ወይ ብሎ የሚጠራጠረውም ድምፅ አለው።

እኔ መዝገቡን ሳነብ የማስበው ሽምግልናን ነው። የእኛም ሽማግሌዎች ሰውን ቁጭ አድርገው ስሜት ያወጣሉ፤ የተበደለው እስኪወጣለት ይናገራል፣ የበደለው ያዳምጣል፣ ቁጣው እስኪበርድ ቀጠሮ ይሰጣል። ይህን ያህሉ ከቲ-ግሩፕ ብዙ አይርቅም። ልዩነቱ ቀጥሎ ነው። ሽማግሌው ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ይፈርዳል፣ ይገሥጻል። ዋስ ይጠራል፣ ያስምላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዛፉ ሥር የታረቁት ሁለቱ ሰዎች ነገ በአንድ ወንዝ ከብት ያጠጣሉ፣ በአንድ እድር ይቀብራሉ፤ ቃሉን ያጠፈ ሰው የሚያፍረው በሚያውቁት ፊት ነው። ቲ-ግሩፕ ኃይሉን ያገኘው ሰውን ከዚህ ሁሉ ቆርጦ በማውጣቱ ነው። ሲመለስ የሚይዘውም የሚጠይቀውም የለም። በዚህ ረገድ የፌርሜዳ አሥራ ስምንት ሰዎችና የሃርቨስተር ፎርማኖች ዕጣ አንድ ነው ባይ ነኝ፤ ልዩነቱ ፎርማኑን ቤቱ የጠበቀው አንድ ቁጡ አለቃ ሲሆን እነዚህን የጠበቃቸው መሬቱ የሚንቀጠቀጥ አገር መሆኑ ነው።

ተሳታፊዎቹ ከተለያዩ ሁለት ወር ያህል ቆይቶ፣ ኦክቶበር 15 ቀን 1969፣ የሶማሊያው ፕሬዚዳንት አብዲረሺድ አሊ ሸርማርኬ ላስ አኖድ ላይ ተገደሉ። በስድስተኛው ቀን ጄኔራል ሲያድ ባሬ ሥልጣን ያዘ፤ ማለሳለሱን የጀመሩት ኢጋል ታሰሩ። በአዲስ አበባም ያው ዓመት ሳያልቅ፣ በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም.፣ የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ተገደለና ዩኒቨርሲቲው በደም ተለወሰ። አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ከተራራው ሆቴል ይዞት የመጣውን የመደማመጥ ልምድ በዚያ ወር ለማን ሊያሳይ ይችል ነበር? በ1977 ጁላይ የሶማሊያ ጦር ኦጋዴን ገባ።

ዱብ አልተወም። በ1972 በጋ 56 የቤልፋስት ካቶሊኮችና ፕሮቴስታንቶችን ወደ ስኮትላንዷ ስተርሊንግ ወስዶ ተመሳሳይ ዎርክሾፕ አካሄደ። በዚህ ጊዜ የመጣው ወቀሳ ከፌርሜዳው የከፋ ነበር፤ ተቺዎች፣ ሰዎችን ስሜታቸውን ገልጣችሁ ጥይት ወደሚተኮስበት ሰፈር መለሳችኋቸው ሲሉ በጥናት መጽሔት ላይ ከሰሱት፤ እሱና ባልደረባው ተሳታፊዎቹን ቆይተው አነጋግረው መልስ ሰጡ። ቀጥሎ ለቆጵሮስ ግሪኮችና ቱርኮች የታቀደው ዎርክሾፕ ሊከፈት ሲል በጁላይ 1974 በፕሬዚዳንት ማካሪዮስ ላይ መፈንቅለ መንግሥት ተካሄደ፣ የቱርክ ጦርም ደሴቲቱን ወረረ፤ ዎርክሾፑ ቀረ።

ዘዴውን ከዚህ አዙሪት ለማውጣት የሞከረው የሀርቫርዱ ኸርበርት ኬልማን ነው፤ እሱም እንደ ሌዊን ከናዚዎች ያመለጠ አይሁዳዊ ነበር። ስለ ስሜት ብቻ የሚወራበትን ክብ ትቶ ውይይቱን በጠቡ ጉዳይ ላይ አደረገ። ሁለተኛው ለውጥ የተሳታፊዎቹ ምርጫ ነው፤ እስራኤላውያኑንና ፍልስጥኤማውያኑን ሲጠራ በየማኅበረሰባቸው ቃላቸው የሚሰማውን፣ ነገ ከሥልጣን ጠረጴዛ ሊቀርቡ የሚችሉትን ፈለገ። ሦስተኛው፣ ከሁሉ ይበልጥ የሚመስለኝ፣ አንዴ ሰብስቦ አለመልቀቁ ነው። ከ1990 ጀምሮ እነዚያኑ ሰዎች እየመላለሰ ለሦስት ዓመት ያህል አገናኛቸው፤ በየስብሰባው መካከል ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ፣ ከወገናቸው ይፋጠጣሉ፣ የተሰበረውን ይዘው እንደገና ይመጣሉ። ከተሳታፊዎቹ ጥቂቶቹ በ1991 ይፋው ድርድር ሲከፈት የልዑካን አባል ሆነው ተገኙ። በ1993 ለተፈረመው የኦስሎ ስምምነት እነዚህ ስብሰባዎች ምን ያህል እንደጠቀሙ ኬልማን ራሱ ሲጽፍ በልክ ነው፤ ሰዎችን አዘጋጅተናል፣ ሐሳብ አቀብለናል ከማለት አላለፈም፤ መዝገቡም ከዚያ በላይ እንድንል አይፈቅድልንም።